ያለውና የሚችለው

በፎገራ ሰውን ከብትህ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጠያቂው የሩቅ ሰው ከሆነ «እሱ የሰጠንን ያህል» ይባልና ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል። የቅርብ ሰው ከሆነ ደግሞ ለምን እንደጠየቀ ሲታማ ይከርማል። ቢጠየቅም እውነቱን አጥርቶ የሚያውቅ የለም። የአንዱ ላም በሌላው መንጋ ውስጥ በርቢ ትቆማለች፤ ያዡ ወተቷን ይጠጣል፣ ባለቤቱ ጥጃዋን ይጠብቃል፣ ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ ሁለቱም «የእኔ አይደለችም» ይሉታል።

አገኘሁሽ ደሞዝ ይህን ማንም ሳይነግራት ያወቀች ልጅ ናት። ስለዚህ በ1957 ዓ.ም. ኅዳር ወር መምህር አያልነህ ወረታ ላይ ስምንተኛ ክፍል ገብተው «የጨፌውን ከብት እንቆጥራለን» ሲሉ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት።

መምህሩ ከአዲስ አበባ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው፣ ቀጭን፣ ማስረጃ የሌለው ወሬ ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁር ሰው ነበሩ። ጥር ላይ ደብረ ታቦር የተማሪዎች የሳይንስ ውድድር አለ፤ ርእሱ ኢኮሎጂ ነው፤ ሕያው ነገር ሁሉ በሚኖርበት ቦታ እንዴት እንደሚበዛና እንደሚያንስ የሚያጠና ትምህርት። አንደኛ የወጣ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ታቦር፣ ማደሪያና ቀለብ ተችሎት ይማራል። ይህን ሲሰሙ ወንዶቹ ተንጫጩ። አገኘሁሽ ግን ሳቋን አቆመች። በዚያ ክፍል ያለች ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት። ሰኔ ላይ ትምህርቷ እንደሚያበቃና ሽማግሌ የላከው ሰው መልሱን እንደሚያገኝ ቤቷ ተወስኗል።

መምህር አያልነህ ሽንብራ የሞላ እንቅብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይህ እንቅብ ጨፌው ነው፤ ሽንብራው ከብቱ ነው» አሉ። አንድ እፍኝ አውጥተው በቀለም አጠቆሩት፣ መልሰው ጨመሩትና በእጃቸው አደባለቁት። «ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዝገኚ።»

አገኘሁሽ ዘገነች። ከአሥር አንዱ ጥቁር ነበር።

«እኔ ያጠቆርሁት ከአሥር አንዱ ከሆነ፣ እንቅቡ ውስጥ ያለው እኔ ካጠቆርሁት አሥር እጥፍ ነው። ከሃያ አንዱ ቢሆን ሃያ እጥፍ ይሆን ነበር። ማንንም ሳንጠይቅ አወቅነው። ገባችሁ?»

«መምህር፣ ሽንብራው ግን ግብር አይከፍልም» አለ አንዱ ከኋላ።

«ከብቱም አይከፍልም። የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ እኛ ደግሞ የባለቤት ስም አንጽፍም።»

ሁለተኛው ትምህርት ሜዳ ላይ ነበር። ከጨፌው ሣር በገመድ አጥረው አጨዱ፣ አድርቀው መዘኑ፣ አንዲት ላም በቀን የምትበላውንም አሰሉ። መሬት የሚችለው ልክ አለው፤ መንጋው ከልኩ ካለፈ ሣሩ ከነሥሩ ይበላል፣ ከዚያ መንጋው ይወድቃል። መምህሩ ጨፌው፣ ከርብ ወንዝ እስከ ጣና ዳር ያለው የደብሩ የወል ግጦሽ፣ ልኩ ላይ እንደደረሰ በዓይናቸው አይተው ጠርጥረዋል። ለውድድሩ በሚዘጋጀው ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓምድ ይቆማል፤ አንዱ ያለው፣ አንዱ የሚችለው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጨፌው ሞልቷል ማለት ነው፤ ከሌላ አገር ማንም መጥቶ መንጋ ሊጨምርበት ወይም መሬቱን ሊቆርስበት አይችልም። ሐሳባቸው ይህ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ በኋላ ማንንም አላዳነም።

ለከብቱ ምልክት የሚሆነውን ክር የፈተለችውና ቀይ ያቀለመችው የአገኘሁሽ እናት ይርገዱ ናት። ተማሪዎቹ ውሃ መጠጫው ዳር ቆመው ከየመንጋው ያገኙትን፣ ላምም በሬም ወይፈንም፣ አንገቱ ላይ እያሰሩ ለቀቁት። ያሰሩት ሦስት መቶ ደረሰ። ቋጠሮውን ለሁሉም ያሳየቻቸው አገኘሁሽ ናት፤ እናቷ ድር ሲበጠስ የምትቀጥልበት ዓይነት፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባ።

ጎረቤታቸው አያ አንለይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያዩ ነበር።

«ምነው አገኘሁ፣ ላሜን ማተብ አሰርሽላት? ክርስትና ካነሳሻት ስም አውጪላት እንጂ።»

«እርስዎ ያውጡላት፣ አያ አንለይ።»

«ወለተ ሐና እላታለሁ። ከእንግዲህ ዓርብና ረቡዕ ወተት አትሰጥማ፣ ጿሚ ሆናለች።»

ታኅሣሥ ሲገባ ግን ሳቁ ቀረ። በደንቢያ በኩል ከብት ጨራሹ በሽታ፣ አገሬው «ደስታ» የሚለው፣ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ክፉ ነገር በስሙ ሲጠራ ይሰማል ተብሎ ነው ደስታ የተባለው። አያቶቻቸው በዚያ በሽታ ባዶ በረት ታቅፈው ቀርተዋል፤ እሱን ያላወራ ሽማግሌ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ መርፌ የያዘ የከብት ሐኪም በመኪና መጥቶ፣ የወጋውን ከብት ምልክት እያደረገበት ሄዶ ነበር። የመንግሥት ሰው ምልክት ያደረገበት ከብት ከበሽታው ይድናል ማለት ነው፤ ትምህርት ቤትም የመንግሥት ነው። አገሩ ነገሩን እንዲህ አድርጎ አሰበው። ልንስቅበት አይገባም። ማንም ምንም ሳያስረዳው ምልክት እየተደረገበት የኖረ ሰው ምልክቱን ራሱ ከመተርጎም ሌላ ምን ይበጀዋል?

መምህሩ ሁለተኛውን ቆጠራ በታኅሣሥ መጨረሻ ቀጠሩ። በዚያው ሳምንት ወባ ጣላቸው። ወረታ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ሁለት ጋቢ ደርበው እየተንቀጠቀጡ «አንቺ ምሪያቸው» አሏት። «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።»

ወንዙ ዳር ቆመው የሚጠጣውን ከብት አንድ በአንድ አዩት። ከሁለቱ አንዱ ቀይ ክር አለው። አገኘሁሽ መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ አንዲት ቦቃ ላም አጠገቧ ስታልፍ ክሩን በጣቷ ያዘችው። ቋጠሮው የሷ አይደለም። የሚቀጥለውንም አየች፤ እሱም የሷ አይደለም፤ እንዲያውም ከቋጠሮው ላይ ትንሽ ሰም ተለጥፎበታል። አንዳንዱ ክር ጨርሶ ክር አልነበረም፣ ከቀሚስ ጠርዝ የተቀደደ ነው።

አያ አንለይን ሮጣ ያዘቻቸው።

«ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኛ። ለአንዷ አስረሽ ለሌሎቹ ብትተዪብኝ ዝም ብዬ ላያቸው ኖሯል?»

«መድኃኒት እኮ አይደለም፣ አያ አንለይ። ለመቁጠሪያ ነው።»

«ለምንም ይሁን። ቄስ ገብረማርያም ጸበል ረጭተውበታል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትሽ ናት የፈተለችልኝ። ለመንደሩ ሁሉ ፈትላለች፤ አልነገረችሽም?»

እናቷ አልነገረቻትም። ማታ ስትጠይቃት ይርገዱ ጥጧን ከመፍተል ሳታቋርጥ «ሰው እጄን ይዞ ሲለምነኝ እንቢ ልበል?» አለች፤ ነገሩም በዚያ አለቀ።

አገኘሁሽ ስሌቱን ደጋግማ ሠራችው። ከሁለት አንዱ ክር ካለው፣ ያለው ከብት እነሱ ካሰሩት እጥፍ ብቻ ነው፤ ስድስት መቶ። የእንቅቡን ሽንብራ ሌላ ሰው ተደብቆ አጥቁሮባቸዋል። የሚጠቁረው በበዛ ቁጥር እንቅቡ ባዶ እየመሰለ ይሄዳል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ፣ ጠላው እየዞረ፣ አባቷ አያ ደሞዝ ጠሯት።

«እስቲ ተናገሪ፤ የጨፌው ከብት ስንት ሆነ?»

«ስድስት መቶ፣ አባዬ። ግን ስሕተት ነው። ሰው ራሱ ክር ስላሰረ…»

የሚቀጥለውን የሰማት የለም። አንዱ መሳቅ ጀመረ፣ ሌላውም ተከተለው።

«ስድስት መቶ? ለእኔና ለአያ አንለይስ ይበቃል፤ ሌላው ምን ሊያልብ ነው?» አሉ አባቷ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር እየሳቁ።

«የተባረከ ትምህርት ነው» አሉ አያ አንለይ። «እኔ ስንት ዓመት ዋሽቼ ያላሳነስሁትን እሷ ባንድ ክር አሳነሰችው።»

ቄስ ገብረማርያም ግን አልሳቁም። «ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሰፍት ወረደ። መቁጠሩ ባልነበረ ይሻል ነበር። ከተቆጠረ ግን፣ ይነስ።»

«አርመዋለሁ፣ አባ» አለች አገኘሁሽ። «ለመምህሩ ነግሬ እንደገና…»

የአባቷ ሳቅ ቆመ። «እንደገና ምን? ሦስት ሺህ ብለሽ ልታስጽፊብን? ግብሩ ሲበዛ ሰው የሚመጣው ወደ ማን ቤት ነው? ስሚ፤ ይህችን ቁጥር ይዘሽ ደብረ ታቦር ከሄድሽ፣ ካሸነፍሽም፣ የላኩብኝን ሽማግሌዎች እኔ እመልሳቸዋለሁ። ተማሪ። ቁጥሯን ግን እንዳትነኪያት።»

በዚያች ሰዓት የምትፈልገውን ሁሉ ሰጧት። አገኘሁሽ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

መምህር አያልነህ ትኩሳቱ ሲለቃቸው ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ከሁለት አንዱ?»

«አዎ፣ መምህር።»

«እኔ በዓይኔ ያየሁት መንጋ ከዚህ ይበዛል። ክሩን የነካ፣ የፈታ፣ የጨመረ ሰው የለም?»

አገኘሁሽ መሬት መሬቱን አየች። «የለም።»

«እንግዲህ ዓይኔ ተሳስቷል» አሉ። ይህን ያሉት የተማሩ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ወጥተው ግማሽ ቀን ቢሄዱ መንጋው ራሱ ይነግራቸው ነበር። ወባው አላስኬዳቸውም፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከወባው ይልቅ ያሰራቸው ስሌቱ ነው። ከዓይናቸው ይልቅ እሱን አመኑ።

ጥር ላይ በእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጠው ዳገቱን ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። አዳራሹ ውስጥ የአገኘሁሽ ሰሌዳ ከሁሉም ያምር ነበር። ያለው፣ ስድስት መቶ፤ አጭር ቀይ ዓምድ። የሚችለው፣ ሦስት ሺህ፤ ረጅም አረንጓዴ ዓምድ። መንጋ እንዴት እንደሚበዛ፣ ሞትና ውልደት፣ መምጣትና መሄድ እንዴት እንደሚያመዛዝኑት ሳትደናቀፍ ተናገረች። ሰዎች አጨበጨቡ።

ከዳኞቹ መካከል አንድ ሰው፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት መሬት ጉዳይ የሚያይ ነው የተባለ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ጫማውን የፎገራ ጭቃ ነክቶት እንደማያውቅ ከሩቅ ያስታውቃል።

«ይህ ጨፌ ሦስት ሺህ ይችላል። ያለበት ስድስት መቶ ነው። ታዲያ ከአምስት አራት እጁ በከንቱ ነው የሚውለው?»

አገኘሁሽ ወደ ሰሌዳዋ ዞረች። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ አልታያትም። የአባቷ ቃል ጆሮዋ ውስጥ አለ። መምህር አያልነህ ከግድግዳው ሥር ቆመው ፈገግ ብለው ያዩአታል።

«በሰሌዳው መሠረት፣ አዎ» አለች።

ሰውዬው ጻፈ። እሷም አንደኛ ወጣች። ሰሌዳዋን ለመታሰቢያ ብለው አስቀሩት።

መጋቢት ላይ፣ ውሃው ሸሽቶ ከብቱ ሁሉ ወደ ጣና ዳር ሣር በወረደ ጊዜ፣ የመሬት መለኪያ ሰንሰለት የያዙ ሰዎች ጨፌው ውስጥ ገቡ። ካስማ እየተከሉ ከካስማው ጫፍ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። አያ አንለይ መጀመሪያ የበሽታ መከላከያ መስሏቸው አመሰገኗቸው። በኋላ የመንግሥት ትእዛዝ ተነበበ። የደብሩ የወል ግጦሽ ላለው ከብት የሚበቃው ተከልሎ ይቀርለታል፤ ባዶ ሆኖ የተገኘው አራት እጅ ለአንድ ባለ ማዕረግ ለእርሻ ተሰጥቷል። ከብት ካስማውን ካለፈ ይያዛል።

የደብሩ ሽማግሌዎች ደብረ ታቦር ድረስ ሄዱ፤ መምህሩና አገኘሁሽም ተከትለዋቸው። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ቢሮው ውስጥ ነበር። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ከብታችን ብዙ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አያ ደሞዝ። አንድ የፎገራ ሰው ይህን ቃል በመንግሥት ፊት ሲናገር ምናልባት የመጀመሪያው ነው። «አምስት እጥፍ ነው። ከዚያም ያልፋል።»

«ግብር ስትጠየቁስ?»

ሰውዬው መልሱን አልጠበቀም።

«ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?» አለ ሰውዬው ወደ ሰሌዳው እያሳየ።

«የእኔ ነው» አለች አገኘሁሽ። «ቁጥሩ ግን ሐሰት ነው። ሰዎች በሽታ ፈርተው ራሳቸው ክር አስረዋል። አውቄ ነበር፤ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። መምህሩ አያውቁም።»

መምህር አያልነህ ዞር ብለው አዩአት። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረው፣ «ተጠያቂው አስተማሪዋ ነኝ። ወርደው በዓይንዎ ይዩ። መንጋው እዚያው አለ» አሉ።

ሰውዬው አልወረደም። እንዲህ ያለ ሰው አይወርድም፤ ከመሬቱ ይልቅ የመሬቱ ሥዕል ይቀርበዋል፣ ሥዕሉ አይሸትም፣ አይከራከርም። ሐሰት አቅርባ ያሸነፈች ተማሪ ሽልማቷ ይሰረዛል አለና አሰረዘው። ማደሪያውም ቀለቡም ቀረ። ጨፌውን በሚመለከት ግን ቀርቦ የጸደቀ ጥናት አለ አለ። አንዱ ቁጥር፣ አንድ ቀን፣ በአንድ ሰው አፍ፣ ሽልማቷን ለመንጠቅ ሐሰት፣ ጨፌውን ለመንጠቅ እውነት ሆነ። መምህር አያልነህን ትምህርቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር አዛወሯቸው። ሲሄዱ አገኘሁሽ መኪናው ድረስ ሸኘቻቸው፤ እጇን ጨበጧት፣ ስሟን ግን አልጠሩም።

ከዚያ በኋላ ነው አገሩ ማንም ያላሰበውን ያሰበው። ሰውዬው ለካስማው ጉዳይ ወረታ እንደሚመጣ ተሰማ። በዚያ ቀን የጨፌውን ከብት በሙሉ፣ የርቢውንም የራስንም፣ የሚታለበውንም ነጥፋ የቆመችውንም፣ ነድተው ወረታ ለማውጣት ተማከሩ። ቄስ ገብረማርያም ዳዊትን አላነሱም። «ንዱ» ብቻ አሉ። ሚስቱ የማታውቃትን ላም የደበቀ ሰው በሰው ሁሉ ፊት ይዟት ወጣ። ወንድሙን የካደ፣ የካደውን ወይፈን ይዞ ወጣ።

መንጋው በጎንደርና በደብረ ታቦር መንገዶች መገናኛ ሲደርስ መኪናዎች ቆሙ። ጥቁርና ነጭ ጀርባ መንገዱን፣ የገበያውን ሜዳ፣ የየቤቱን ጓሮ ሞላው። አንገታቸው ላይ ክሩ ነትቧል፤ ቀዩ ጭቃ መስሏል። ሰውዬው የገባበት ቤት መስኮት ተዘጋ። ቤቱን የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ ወጥቶ «ሂዱ፣ መንገድ ዘጋችሁ» አለ።

«አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ይዩልን» አሉ አያ አንለይ። «ለመቁጠር አናስቸግራቸውም፤ ይዩት ብቻ።»

«ሥራ ላይ ናቸው።»

ፀሐይ ወደ ጣና አዘነበለች። ጥጆች ተርበው ይጮኻሉ፣ ላሞች ጡታቸው ወጥሮ ይመልሱላቸዋል። ከቤቱ የወጣ የለም። አያ ደሞዝ መስኮቱን ሲያዩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ዞር ሲሉ አገኘሁሽን አጠገባቸው አገኟት። ለጋብቻ ለመጡት ሽማግሌዎች መልስ ላኩ አልላኩ እስከዚያች ቀን አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

«ቁጠሪ» አሏት።

«ማን ይሰማል፣ አባዬ?»

«ለእኔ ቁጠሪልኝ። ስንት እንደነበርን ልወቀው።»

አገኘሁሽ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ወጣች። ሰዎቹ መንጋውን ወደ መጣበት መለሱት፤ በፊቷም ማለፍ ጀመረ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንድ አለች፣ ሁለት አለች። ማንም «ዝም በይ» አላላትም። የአንደኛው መንደር ከብት ገና አልፎ ሳያልቅ ስድስት መቶ ደረሰች፤ እዚያ ላይ አላቆመችም። ወለተ ሐና የተባለችው የአያ አንለይ ላም፣ የትምህርት ቤቱ ቋጠሮ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ በቁጥሯ አለፈች። ከዚያ ቀለሙ አልለይ አለ፤ ጥቁሩ ከጨለማው ጋር ተቀላቀለ፣ ነጩ ብቻ እየታየ፣ ጎኑ የታየው እንደ አንድ፣ ያልታየው በኮቴው ድምፅ እየተገመተ። አባቷ ከድንጋዩ ሥር ቆመው ከንፈራቸው ከሷ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። መንጋው ካስማው ወዳለበት ወደ ጨፌው ይወርዳል፤ እሷም ትቆጥራለች።